ገንዘቡ ተመደበ፤ ግንበኛውስ?

ቤት ያሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ሲሚንቶ ቢጠፋ ዋጋ ተጨምሮበት ከአንዱ መጋዘን ይገኛል። ብረት ቢወደድ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ተከራክሮ፣ ሲቻልም ዱቤ ተጠይቆ ይገዛል። እጁ የሠለጠነ ግንበኛ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው። በመጋዘን የተከማቸ ግንበኛ የለም፤ በመርከብ ተጭኖ በጂቡቲ በኩል የሚገባ አናፂም የለም። ዛሬ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ነገ ይቀራል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ጥቂት ብር ጨምረውለት መሄዱ ይሰማል። ባለቤቱም ወገቡ ላይ የቆመውን ግድግዳ እያየ የባንክ ወለድ ይቆጥራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን የኢንዱስትሪ አብዮት የተጀመረባት እንግሊዝም በዚሁ ጉዳይ ተይዛለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአገሪቱ መንግሥት በኮንስትራክሽን ሙያ ተጨማሪ ሠራተኞችን ለማሠልጠን 600 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡን አስታወቀ። የታለመው እስከ 2029 ድረስ እስከ 60,000 የሚደርሱ ተጨማሪ ግንበኞችን፣ አናፂዎችን፣ ኤሌክትሪሺያኖችንና መሐንዲሶችን ማፍራት ነው። የገንዘቡ ጉልህ ክፍል የሚያልፈው በኮሌጆች በኩል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ገንዘቡ በዛ ወይም አነሰ የሚል አይደለም። ጥያቄው አንድ ፓውንድ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ቀጥ ያለ ግድግዳ እስኪሆን ድረስ በየትኛው መንገድ ያልፋል? በየትስ ይታነቃል? የሚለው ነው። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ፣ ቤት የሚያሻሽጥ ወይም ጥሪቱን በሕንፃ ላይ ያዋለ ሰው መልሱን ማወቅ ይጠቅመዋል። የመንግሥት በጀት ዜና በማግስቱ የሠራተኛን ዋጋ የሚያወርድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸውና።

ችግሩ በቁጥር ሲታይ

በሐምሌ 2024 ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ መንግሥት በአንድ የፓርላማ ዘመን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቤቶች በእንግሊዝ እንዲሠሩ ቃል ገብቷል። ይህ በዓመት 300 ሺህ ማለት ነው። በ2023/24 በአገሪቱ የቤት ክምችት ላይ የተጨመረው ግን 221 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቃሉ እንዲፈጸም ምርቱ ከሲሶ በላይ ማደግ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል የሠራተኛው ገበያ ቀድሞውኑ ጠብቧል። የሥልጠና ገንዘቡ ይፋ በተደረገበት ወቅት መንግሥት በዘርፉ ከ35,000 በላይ ክፍት የሥራ ቦታዎች እንዳሉ ገልጿል። ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያልተሞሉት ተፈላጊው ሙያ ያለው ሰው ባለመገኘቱ ነው። በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ሲ አይ ቲ ቢ የሚባለው የኮንስትራክሽን ኢንዱስትሪ ሥልጠና ቦርድ በበኩሉ ከ2025 እስከ 2029 ባሉት አምስት ዓመታት ለመላው ዩናይትድ ኪንግደም 239,300 ተጨማሪ ሠራተኞች እንደሚያስፈልጉ ተንብዮአል። ይህም በዓመት ወደ 48 ሺህ ይጠጋል።

ይህንን ከ600 ሚሊዮኑ ዕቅድ ጋር እናስተያየው። 60,000 ሰው በአራት ዓመት ሲካፈል በዓመት 15,000 ይሆናል። የቦርዱ ትንበያ ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድንም ይጨምራል፤ ትምህርትን በተመለከተ ግን እነዚህ ክፍላተ አገሮች የየራሳቸውን በጀት የሚይዙ በመሆናቸው ሁለቱ ቁጥሮች ልክ ለልክ አይገጣጠሙም። ያም ሆኖ መጠኑን ለመገመት ይረዳሉ። ዕቅዱ ያለ እንከን ቢሳካ እንኳ የሚሸፍነው የፍላጎቱን ከፊል ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ዛሬ በሥራ ላይ ካለው የግንባታ ሠራተኛ ከሦስት አንዱ ገደማ ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነው። ከፊት ያለው በር ሲከፈት የኋላውም በር ክፍት ነው ማለት ነው።

ኮሌጆቹ የትኞቹ ናቸው?

እንግሊዞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ መካከል የቆሙ ኮሌጆች አሏቸው። እኛ በተለምዶ ቴክኒክና ሙያ ከምንላቸው ጋር ይቀራረባሉ። ዕድሜው 16 ሞልቶት የመደበኛ ትምህርት ያልሳበው ወጣት፣ ሙያ ለመቀየር የሚፈልግ ጎልማሳ፣ ከአሠሪው ተልኮ በሳምንት አንድ ቀን የሚማር ተለማማጅ ሁሉም የሚገናኙት እዚያ ነው። ጡብ መደርደር፣ ልስን፣ አናፂነት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሰጠው በእነዚሁ ኮሌጆች ነው። ሊድስ ከተማ ውስጥ እንዲያውም ሥራው ኮንስትራክሽን ብቻ የሆነ ኮሌጅ አለ።

ኮሌጆቹ ከ1993 ጀምሮ ከአካባቢ አስተዳደሮች እጅ ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ሆኑ። ገቢያቸው ግን ከሞላ ጎደል ከመንግሥት ነው። ከ2010 በኋላ በነበሩት የቁጠባ ዓመታት በጀታቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ለአዋቂዎች የሙያ ሥልጠና የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ በ2024/25 እንኳ ከ2009/10 ጋር ሲነፃፀር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ዝቅ ያለ ነበር። አዲሱ 600 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈስሰው እንግዲህ በጠገበ መሬት ላይ አይደለም፤ ለዓመታት በደረቀ ማሳ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ስንጥቁን ይሞላል እንጂ ወዲያው ሰብል አያበቅልም።

ገንዘቡ የት የት ይሄዳል?

በይፋ ከተገለጹት ዋና ዋና ድርሻዎች መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል። ኮሌጆች ተጨማሪ የኮንስትራክሽን ኮርሶች እንዲሰጡ 165 ሚሊዮን ፓውንድ፤ አሥር የቴክኒክ ልህቀት ኮሌጆችን ለማቋቋም 100 ሚሊዮን፤ እስከ 16 ሳምንት የሚቆዩ አጫጭር የክህሎት ሥልጠናዎችን ለማስፋፋት ሌላ 100 ሚሊዮን፤ አሠሪዎች ለራሳቸው ሥራ የሚስማማ ሥልጠና እንዲሰጡ 80 ሚሊዮን የካፒታል ገንዘብ፤ ለወጣቶች መነሻ የሚሆን የልምምድ ሥራ 40 ሚሊዮን፤ በኮሌጆችና በሥራ ተቋራጮች መካከል ለሚደረግ ትብብር ደግሞ 20 ሚሊዮን ናቸው።

ከመንግሥቱ ገንዘብ ውጪ የሥልጠና ቦርዱ በዓመት ከ40,000 በላይ ተማሪዎች በግንባታ ቦታ ላይ ልምድ የሚያገኙበት 32 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ አስታውቋል። የልህቀት ኮሌጆቹ በነሐሴ 2025 ተመርጠው ይፋ ሆነዋል፤ ከላይ የጠቀስነው የሊድስ ኮሌጅም አንዱ ነው። የእነዚህ ኮሌጆች ተግባር የራሳቸውን ተማሪ ማስተማር ብቻ ሳይሆን በአካባቢያቸው ላሉ ሌሎች ኮሌጆች መምህርና ልምድ ማካፈልም ነው።

አንባቢ የድርሻዎቹን መጠን በጥሞና ይመልከት። ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ለመቀመጫ፣ ለኮርስና ለሕንፃ ነው። ኮሌጁንና የሥራ ቦታውን ለሚያገናኘው ድልድይ የተመደበው 20 ሚሊዮን ከተዘረዘሩት ሁሉ ትንሹ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ተቋራጩ ራሱ ለምን አያሠለጥንም?

አንድ ነጋዴ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ግንበኛ ከተወደደ፣ ግንበኛን ማሠልጠን አትራፊ መሆን አለበት። ታዲያ ገበያው ራሱ ለምን አያደርገውም? ግብር ከፋዩ ለምን ይገባበታል?

መልሱ በምጣኔ ሀብት ትምህርት የታወቀ ነው። ሁለት ተቋራጮች አሉ እንበል። አንደኛው አንድን ወጣት ሁለት ዓመት ያሠለጥናል፤ ወጣቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጡብ ያባክናል፣ የጌታውን ሰዓት ይወስዳል፣ ደመወዝም ይከፈለዋል። ሁለተኛው ተቋራጭ ለሥልጠና አንድ ሳንቲም አያወጣም። ወጣቱ እጁ ሲሰላ ሁለተኛው ይመጣና ካጠራቀመው ላይ ትንሽ ጨምሮ ይወስደዋል። ያሠለጠነው ከሰረ፣ ያላሠለጠነው አተረፈ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አንደኛውም ይነቃል፤ ማሠልጠኑን ትቶ እሱም መንጠቅ ይጀምራል። በመጨረሻ ሁሉም ነጣቂ ይሆንና የሚነጠቅ ሰው ይጠፋል።

እንግሊዞች ለዚህ መድኃኒት ያሉትን የፈለጉት በ1964 ነበር። በዚያ ዓመት በወጣ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መሠረት በየዘርፉ የሥልጠና ቦርዶች ተቋቋሙ። ቦርዱ ከሁሉም አሠሪ መዋጮ ይሰበስባል፤ ከዚያም ለሚያሠለጥነው አሠሪ በድጎማ መልክ ይመልስለታል። የማያሠለጥን ሰው የሌላውን ሠራተኛ ቢነጥቅም ቢያንስ ከሥልጠናው ወጪ ይካፈላል ማለት ነው። አብዛኞቹ ቦርዶች በ1980ዎቹ ሲፈርሱ የኮንስትራክሽኑ ግን ቀረ። ዛሬም በዘርፉ ያሉ አሠሪዎች በደመወዝ መዝገብ ላይ ካሉ ሠራተኞቻቸው ክፍያ 0.35 በመቶ፣ በንዑስ ተቋራጭነት ግብር ተቀንሶ ከሚከፈላቸው ሰዎች ክፍያ ደግሞ 1.25 በመቶ ያዋጣሉ። ትንንሾቹ አሠሪዎች ከመዋጮው ነፃ ናቸው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የዓመት የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ማንኛውም አሠሪ ለተለማማጆች ሥልጠና 0.5 በመቶ እንዲከፍል ተደርጓል።

መዋጮው እያለ ታዲያ እጥረቱ ለምን ባሰ? ምክንያቱ የዘርፉ አሠራር ነው። በብሪታንያ የግንባታ ሥራ ላይ ከተሠማራው ሰው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ነው። ትልቁ ኩባንያ ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፤ ንዑስ ተቋራጩ ለሌላ ያስተላልፋል፤ በመጨረሻ ጡቡን የሚደረድሩት በደረደሩት ልክ የሚከፈላቸው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ክፍያቸው በሺህ ጡብ የሚታሰብ ስለሆነ ተለማማጅ ማቅረብ ማለት የዕለት ገቢያቸውን መቀነስ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ባለበት ሠልጣኝ አይፈለግም፤ ሠልጣኝ በሚፈለግበት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የለም። ክፍተቱን እንዲሞላ የተጠራው ኮሌጁ ነው።

ሦስቱ ማነቆዎች

የመጀመሪያው መምህሩ ነው። ጡብ መደርደርን የሚያስተምር ሰው ራሱ ጡብ የደረደረ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ገበያው የሚሻማበት ሰው ነው። የቤት ሥራ ሲደራ ግንበኛ በግሉ ሠርቶ የሚያገኘው ገቢ ኮሌጁ ከሚከፍለው ደመወዝ ይበልጣል። በ2023 የወጣ የአገሪቱ የበጀት ጥናት ተቋም ትንተና እንዳሳየው የኮሌጅ መምህር መካከለኛ ደመወዝ ከትምህርት ቤት መምህር እንኳ በዓመት በ7,000 ፓውንድ ገደማ ያንስ ነበር። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር የሚያስገርም ነው። ግንበኛ ይበልጥ በተወደደ ቁጥር የግንበኛ መምህር ይበልጥ ይጠፋል። እጥረቱ ራሱን በራሱ ይመግባል ማለት ነው። መንግሥት ይህን በመረዳት ከ2024 ጀምሮ ኮንስትራክሽንን ጨምሮ እጥረት ባለባቸው ትምህርቶች ለሚያስተምሩ አዳዲስ የኮሌጅ መምህራን በዓመት እስከ 6,000 ፓውንድ የማቆያ ጉርሻ መስጠት ጀምሯል። ጉርሻው ክፍተቱን ያጠብባል፤ ገበያው በጋለበት ከተማ ግን ላይደፍነው ይችላል።

ሁለተኛው የሥራ ቦታው ነው። በኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪው የሚገነባው ግድግዳ በማግስቱ ይፈርሳል። ሞልታው ሲሚንቶ የሌለበት የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ስለሆነ ጡቡ ተላቅቆ ተጠርጎ ለሌላ ተማሪ ይውላል። ይህ ለመጀመሪያ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ቱምቢና ውሃ ልክ እዚያ ይለመዳል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ፎርማን ሲጮህ፣ በሦስተኛ ፎቅ ስካፎልዲንግ ላይ ቆሞ በቀን የሚጠበቀውን ያህል መደርደር ግን በወርክሾፕ አይማሩትም። ቲ ሌቭል የሚባለው ከ2020 ጀምሮ የተሰጠው የሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት ተማሪው ቢያንስ 45 ቀን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ያስገድዳል። ቦታውን የሚሰጠው ግን መንግሥት አይደለም፤ ከላይ ያየነው በሺህ ጡብ የሚከፈለው ሰው ነው። ለዚህ ነው ለድልድዩ የተመደበው ትንሹ ገንዘብ ትልቅ ትኩረት የሚያሻው።

ሦስተኛው የጊዜ መዘግየት ነው። ይህ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በኮሌጁ ሂሳብ ውስጥ ያለ ነው። ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ለኮሌጅ የሚሰጠው በጀት የሚሰላው በመሠረቱ ባለፈው ዓመት በነበረው የተማሪ ቁጥር ነው። ስለዚህ መቶ ተጨማሪ ተማሪ የተቀበለ ኮሌጅ የዘንድሮውን ጡብ፣ አሸዋና የመምህር ደመወዝ ከራሱ ኪስ ሸፍኖ ሙሉ ክፍያውን የሚያገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ለፈጣን ዕድገት የሚሰጥ ማካካሻ ቢኖርም ዋናው አሠራር ይኸው ነው። ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ይህን ችግር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ሽያጩ ባደገ ቁጥር የእጅ ገንዘቡ ይጠፋል። ስለሆነም ጥንቃቄ የሚያበዛ የኮሌጅ ኃላፊ ወረፋ የያዙ አመልካቾች እያሉም ተጨማሪ ክፍል ላለመክፈት ሊመርጥ ይችላል።

ሁለተኛው መዘግየት በሠልጣኙ ላይ ያለ ነው። በመስከረም 2025 ኮሌጅ የገባ ወጣት ደህና ግንበኛ ሆኖ ለመውጣት ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከወጣም በኋላ የአንድ ነባር ሠራተኛን ያህል ፍጥነት እስኪኖረው ሌላ ጊዜ ይወስዳል። ይህ ወደ 2028 ያደርሰናል። የ1.5 ሚሊዮኑ ቤት ቃል የሚታሰብበት የፓርላማ ዘመን ደግሞ በ2029 ያበቃል። ስለዚህ አብዛኛዎቹን ቤቶች የሚሠራው ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ሰው ነው፤ የሚሠለጥነው ሰው የሚደርሰው ለመጨረሻዎቹ ነው። አጫጭሮቹ የ16 ሳምንት ሥልጠናዎች ይህን ለማሳጠር የታሰቡ ናቸው። ረዳት ሠራተኛ ወይም በአንድ ውስን ሥራ የሚሠማራ ሰው ያወጣሉ፤ ሙሉ ግንበኛ ግን በአራት ወር አይሠራም።

የአንድ ግንበኛ ዋጋ ስንት ነው?

600 ሚሊዮን ፓውንድ ለ60,000 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 10,000 ፓውንድ ይደርሳል። ይህ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በሥልጠና ሂሳብ ውስጥ አካፋዩ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የገባው ነው? የጨረሰው ነው? ወይስ በሙያው ተቀጥሮ የቆየው?

በእንግሊዝ በ2023/24 በሁሉም ዘርፎች ከተመዘገቡት ተለማማጆች መካከል በስኬት ያጠናቀቁት ከመቶ 60 ገደማ ነበሩ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መቶ ሰው ገብቶ 60 ጨረሰ፤ ከጨረሱት ውስጥም ከመቶ 60ው በሙያው ተቀጥሮ ቆየ እንበል። ከመቶው 36 ሰው ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ግንበኛ ዋጋ 10,000 ሳይሆን ወደ 28,000 ፓውንድ ይጠጋል። ይህ የጸሐፊው ምሳሌ እንጂ ይፋ ቁጥር አይደለም። የሚያሳየው ግን አንድ ቁም ነገር ነው። አንድ ተጨማሪ መቀመጫ ከመግዛት ይልቅ የገባውን ሰው እስከ መጨረሻው ማድረስ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ከመቶ የሚቀረው ከ36 ወደ 50 ከፍ ቢል ያለ አንዲት ተጨማሪ ፓውንድ የግንበኛው ዋጋ ወደ 20,000 ይወርዳል።

የውጭው በር

እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ የብሪታንያ ተቋራጭ ሌላ መውጫ ነበረው። ፖላንድ ወይም ሩማንያ የሠለጠነ ግንበኛ ያለ ቪዛ መጥቶ ለንደን ላይ ይሠራ ነበር። የሥልጠናውን ወጪ የከፈለው የሌላ አገር ግብር ከፋይ ነው። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ይህ በር ተዘጋ። በ2023 ግንበኞች፣ አናፂዎችና ለሳኞች የሠራተኛ እጥረት አለባቸው በተባሉ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ቪዛው ቀለል ተደርጎላቸው ነበር። በሐምሌ 2025 ግን መንግሥት ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚጠይቀውን የትምህርት ደረጃ ወደ ዲግሪ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ በታች ላሉ ሙያዎች የቀረው በጊዜ የተገደበ ጠባብ ዝርዝር ነው።

መንግሥት የውጭውን በር ሲያጠብብ የአገር ውስጡን በሥልጠና አሰፋለሁ ማለቱ ነው። በፖሊሲ ደረጃ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ችግሩ በሩ በአንድ ቀን የሚጠብ ሲሆን ሥልጠናው ዓመታት የሚወስድ መሆኑ ነው። በመካከል ላይ ያለው ጊዜ የሚከፈለው በከፍተኛ የጉልበት ዋጋ ነው።

ለእኛ ገበያ ምን ይነግረናል?

የእኛ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በጀትና የእንግሊዞቹ በጀት የሚነፃፀሩ አይደሉም። ማነቆዎቹ ግን ይመሳሰላሉ። በእኛም አገር የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር ሠልጣኙ አብዛኛውን የተግባር ጊዜ በድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ ከዚያም የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲ ኦ ሲ የምንለው፣ ይከተላል። ወረቀቱ የሚሰጠው በመንግሥት ነው፤ እጁን የሚያፍታታው ግን በሩን የከፈተለት ተቋራጭ ነው። ተቋራጩ በሩን ከዘጋ ሠልጣኙ ምዘናውን ቢያልፍም ቱምቢውን በእርግጠኝነት አይዝም።

ከራሳችን ታሪክ የምንማረውም አለ። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረውና ከዚያ በኋላ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትን ብሎኬት በማምረት፣ በር መስኮት በመሥራት፣ በኤሌክትሪክና በቧንቧ ሥራ አሠማርቷል። ብዙ ጉድለት የተነገረበት ፕሮግራም ቢሆንም አንድ ነገር ግን ትክክል ነበር። ሥልጠናውና ሥራው አብረው መጡ። ወጣቱ የሠለጠነው ለነገ ይገኝ ይሆናል ለሚባል ሥራ ሳይሆን ከፊቱ ለቆመ ግንባታ ነበር። እንግሊዞች በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሠሩት የሚሞክሩት ድልድይ ምንነቱ ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቤት የሚያሠራም ሆነ በቤት ላይ የሚነግድ ሰው የሥልጠና በጀት ዜና ሲሰማ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ መምህሩ ተገኝቷል ወይ? ደመወዙስ ከገበያው ጋር ይወዳደራል ወይ? ሁለተኛ፣ ሠልጣኙን በሥራ ቦታው ላይ የሚቀበለው ማነው? ለሚያጠፋው ጊዜስ ምን ይከፈለዋል? ሦስተኛ፣ የሚነገረው ቁጥር የገቡት ነው ወይስ ጨርሰው በሙያው የቆዩት? አራተኛ፣ ሠልጣኙ ሲወጣ ሥራው ይጠብቀዋል ወይ? ግንባታ በወለድና በብድር የሚዋዥቅ ዘርፍ ነውና ሁለት ዓመት የሠለጠነ ወጣት ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ከወጣ ሙያውን ትቶ ሹፌር ይሆናል፤ ሲሞቅ አይመለስም።

አራቱም መልስ ካገኙ ገንዘቡ ውሎ አድሮ ግድግዳ ይሆናል። ካላገኙ ግን የሚሠራው የኮሌጁ አዲስ ሕንፃ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚሠራው ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ያው ውድ ግንበኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲያውም የሥልጠና በጀት የግንበኛን ዋጋ ሳያወርድ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጥቂቶቹን ጎበዞች ለመምህርነት ይወስዳል፣ ለወርክሾፖች ግንባታም ይሻማቸዋልና። በዘንድሮው ዜና ተማምኖ በመጪው ዓመት የእጅ ዋጋ ይረክሳል ብሎ ኮንትራት የሚፈርም ሰው ካለ፣ ፊርማውን ትንሽ ያቆየው።